ቦታ ስለጠበበ የሚሸጥ

«አባባን ቆርጠሽ አውጪውና ወንበሩን ብቻ አስቀሪልኝ።»

ታላቅ ወንድሟ ይህን ያላት በጠዋቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ለቆ ነው። ውሃውን የለቀቀው እጁን ሊታጠብ አልነበረም፤ ድምፁ ሳሎን ድረስ እንዳይሰማ ነው። ሳሎን ውስጥ አባታቸው ሬዲዮኑን ከፍቶ ትልቁ ቡናማ ወንበሩ ላይ ተሰይሟል። ከዚያ ወንበር ተነስቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ በር ላይ ቆሞ ነገር ያዳምጣል ብሎ መስጋት ሰውየውን ጨርሶ አለማወቅ ነው፤ ወንድምየው ግን ጥንቁቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ ወዲህ ለማስነጠስ እንኳ ቀደም ብሎ ቀን የሚቆርጥ ይመስላል። ቤተሰቡ «አቶ ዕቅድ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው፤ እሱም ሲሰማው ይኮራበታል እንጂ አይቀየምም።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ቅዳሜ አዲስ ሶፋ ይገባል፤ ባለሦስት፣ ባለሁለትና ባለአንድ መቀመጫ፣ ግራጫ፣ ከነላስቲኩ። ዋጋውን ለእህቱ ሲነግራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን ሁለት ጊዜ ነገራት። ሳሎኑን በሜትር ለክቶታል፤ አሮጌው ወንበር ካልወጣ ባለአንዱ አይገባም። ስለዚህ ወንበሩ ዛሬ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል፣ ዓርብ ይሸጣል፣ አባታቸው የልጅ ልጆቹን እንዲያይ ተብሎ ዓርብ ከሰዓት ወደ አቶ ዕቅድ ቤት ይወሰዳል፣ ቅዳሜ ሲመለስ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ይሆናል። «ከሆነ በኋላ ይለምደዋል» አላት። «ጥቂት ቀን ያኮርፋል፤ ከዚያ ወገቡን ሲመቸው ራሱ ይመርቀኛል።» ክፋት የለበትም። ባለፈው የሚስቱ እናት ሊጠይቁ መጥተው ሲወጡ፣ ከወንበሩ ጎን ያፈጠጠው ምስማር ቀሚሳቸውን ይዞ ተርትሮባቸዋል። ሴትዮዋ ምንም አላሉም። አቶ ዕቅድን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ምንም አለማለታቸው ነው።

«ታዲያ ሲነሳ ጠብቀህ ወንበሩን ለብቻው ፎቶ አታነሳውም ነበር፣ ጋሼ?»

«እኔ ሲነሳ አይቼው አውቃለሁ እንዴ? እሁድ ስመጣ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፣ ተቀምጦ ትቼው እሄዳለሁ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ጠብቄ ነው በስልኬ ሰረቅ ያደረግሁት። ደግሞ አንቺ ፎቶ ላይ ሰው ከጫካ መሃል ነቅለሽ የምታወጪ ባለሙያ ነሽ፤ አንድ ሽማግሌ ከአንድ ወንበር ማውጣት ያቅትሻል?»

ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት፤ ብትፈልግ ማታ አባቷ ሲተኛ ወንበሩን ባዶውን ማንሳት ትችል ነበር። ግን በገዛ ቤቷ ስልክ ደግኖ እንደ ሌባ በወንበር ዙሪያ መሽከርከር አስጠላት። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሥራ ነው ብላ ራሷን ሸነገለች። እምቢ ማለትም ነበረባት፤ አላለችም። ዝም አለች፣ ወንድሟ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው፣ እሷም እንዲቆጥረው ተወችው። በዚህ ቤት ከባዱ ነገር ሁሉ የሚወሰነው እንዲህ ነው፤ አንዱ ያቅዳል፣ አንዷ ዝም ትላለች፣ አንዱ ሬዲዮ ይሰማል።

ቦርሳዋን አንግታ በሳሎን ስታልፍ አባቷ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል «ቧንቧው ሲፈስ የቆየው ወንድምሽ ቆጣሪ የሌለን መስሎት ነው?» አላት። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌርነት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ተቀምጦ አገር ያዳረሰ ሰው፣ ጡረታ ወጣ ተብሎ ቆሞ ይዋል ማለት ግፍ ነው። ወንበሩንም እንደ መኪናው ነው የያዘው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮታል፣ ቀኝ ክንዱ ሲቀደድ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል፣ የግራው ደግሞ ከእጁ ብዛት የተወለወለ ይመስላል። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ከዚያ ሆኖ ይቆጣጠራል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ይሰድባል፣ የሚፈጥነውንም ይሰድባል። «ደህና ዋል አባባ» አለችው። «ደህና ዋይ፣ ሰው አጠገብ እንዳትቆሚ፣ ቆርጠሽ ትጥይዋለሽ» አላት። በሥራዋ መቀለድ ይወዳል። ዛሬ ግን ቀልዱ ጎኗን ወጋት።

ፎቶ ቤቱ ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ያለች፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት ናት። በፊተኛዋ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ፣ ሁለት የዣንጥላ መብራቶች ቆመው፣ መሃል ላይ አንዲት በርጩማ አለች። በኋለኛዋ መቀስ ከኮምፒውተሯ ጋር ተፋጥጣ ትውላለች። «መቀስ» ያላት ፎቶ አንሺው ነው፤ ሥራዋ መቁረጥ ነዋ። ጫማ ከነጠረጴዛው ተነስቶ ይመጣላታል፣ ጠረጴዛውን አውጥታ ጫማውን ነጭ ላይ ታስቀምጣለች። ድስት ይመጣል፣ ድስቱ ላይ ፊቱ የሚታየውን ባለድስት ታጠፋለች። ተመራቂ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣል፤ በርጩማዋን ታወጣና ከኋላው የመጽሐፍ መደርደሪያ ታደርግለታለች፣ ልጁ አንብቦት የማያውቀውን መጽሐፍ ሁሉ ተደግፎ ይወጣል። ሰውን ማስቀረት፣ የተቀመጠበትን መጣል፤ እጇ ይህን ዓመታት ሠርቶታል፤ አሁን አሁን ከእሷ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው የሚሠራው።

ያን ቀን ጠዋት የሴት ጫማ ነበረባት። ባለጫማዋ ነጋዴ ጫማዎቹን ምንጣፍ ላይ ደርድራ አንስታቸው ኖሮ፣ የምንጣፉ ክር በየተረከዙ ሥር እንደ ሣር በቅሏል። አንድ በአንድ አጸዳችው። ወንድሟ የላከላትን ፎቶ አልከፈተችውም። ጫማዎቹ አለቁ። እስክሪብቶዎቿን አስተካከለች፣ የኮምፒውተሩን ፊት በሹራቧ እጅጌ ወለወለች፣ ሻይ ጠጣች፣ ሻይዋን ስትጨርስ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። «ስድስት ሰዓት ላይ ስብሰባ እገባለሁ። ጽሑፉን ማታ ጽፌ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው ያንቺ ፎቶ ብቻ ነው» አለና ዘጋው። ከዚህ በኋላ የሚወለወል ነገር አልነበረም። ፎቶውን ከፈተችው።

አባቷ እዚያ አለ። ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን በወንበሩ ሁለት ክንድ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ግራጫ ሹራቡን ለብሷል። አንዱ ቁልፍ የተሰፋው በቀይ ክር ነው፤ ግራጫ ክር ያጣችውም፣ «ማን ያየዋል» ብላ በቀዩ የሰፋችውም እሷ ናት። አሁን አየችው። ፎቶውን እያቀረበች ስትሄድ ከኮምፒውተሩ ፊት አንድ ጣት ብቻ ሞላት፤ የመሪ ጠባሳ ያለበት፣ ጥፍሩ በጎን የተቀረደደ አውራ ጣት። በዚያ ጣት ዙሪያ ነጥብ መትከል ጀመረች። ሥራው እንዲህ ነው፤ በጠርዙ ላይ ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ነጥብ፣ ልክ አጥር እንደሚያጥር ሰው፣ ዙሪያውን ጨርሰሽ መጀመሪያው ነጥብ ላይ ስትደርሺ አጥሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ውስጥ ያለውን ማውጣት ነው። ከጣቱ ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ክርኑ፣ ከክርኑ ወደ ትከሻው ወጣች። የማንም ባለድስት አፍንጫ ልክ ከነጎባጣው ታውቃለች፤ የአባቷ ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ማለቱን ግን ዛሬ ነው ያወቀችው። አፈረች። ሰው አይቷት እንደሆን ዞር ብላ አየች።

አጥሩ ተዘጋ። የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ አባቷ ይጠፋል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ አሰበችና ሳትጫነው ቀረች። ደምስሳ ልትጥለው አልሆነላትም። ስለዚህ እንደ ጥንቁቅ ሰው ሌላ መንገድ መረጠች። ፕሮግራሙ ፎቶን እንደ መስታወት ያነባብራል፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ፤ የማትፈልጊውን ሸፍነሽ የምትፈልጊውን ብቻ ታሳያለሽ። አባቷን አንስታ በላይኛው መስታወት ላይ ብቻውን አስቀመጠችው፤ ወንበሩ በታችኛው ቀረ፤ ወንበሩ መሃል ላይ የአባቷን ቅርጽ የያዘ ቀዳዳ።

ቀዳዳውን መሙላት ነበረባት። ሰው ከተቀመጠበት በታች ያለውን ማንም አያየውም፤ ፎቶውም አያውቀውም፤ ፈጥሮ መሥራት ነው። ፕሮግራሙን ራስህ ገምተህ ሙላው አለችው። አሰበ፣ አሰበና፣ ከዳር የቀረችውን የሹራብ ጠርዝ አይቶ ኖሮ፣ ቀዳዳውን በሌላ ግራጫ ሹራብ ሞላው። ሰረዘችው። እንደገና ሙላ አለችው፤ አሁን ደግሞ መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ ክርን አበቀለ። በሦስተኛው ሙከራ የሹራብ ቁልፍ ሠራላት፣ ከነቀይ ክሩ። ኮምፒውተር ውስጥም ገብቶ አልነሳም ያለ ሰው! ብቻዋን ሳቀች። በመጨረሻ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ቆዳ እየቆረጠች፣ እየለጠፈች፣ ጥላውን እያለዘበች መቀመጫውን በእጇ ሠራችው። አምሮ ወጣ። ከመጠን በላይ አምሮ ወጣ፤ ሰው ተቀምጦበት የማያውቅ የሚመስል፣ ያበጠ፣ የሚያብረቀርቅ መቀመጫ። የአባቷ ወንበር ባዶውን እንዲህ ፊት ለፊቷ ሲቆም ግን ደስ አላላትም። ይህን ወንበር ባዶውን የሚያዩበት ሌላ ቀን አለ፣ ያን ቀን እሷ ቀድማ አየችው። ቶሎ ብላ ሸፈነችው።

ከዚያ ማንም ሳያዛት ወደ ላይኛው መስታወት ሄዳ አባቷን ማሳመር ጀመረች። የራሱን ጥቂት ነጭ ፀጉሮች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። የሹራቡን ጠርዝ አለሰለሰች። ፎቶ አንሺው ከኋላዋ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«አባትሽ ናቸው? ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው። ወንበሩን ልንሸጥ ነው።»

ፎቶ አንሺው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ። ወሬኛ ሰው ነው፣ ግን ልቡ ደግ ነው። «ታዲያ የሚጣለውን ነው እንዴ እንዲህ የምታሳምሪው?» አላት። መልስ ሳትሰጠው ስልኳ ጮኸ። አቶ ዕቅድ ነው። ስብሰባ በር ላይ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ገብቷል፣ አለቃዬ እያየኝ ነው፣ አሁን ካልላክሽ ዛሬ አይወጣም፣ ዛሬ ካልወጣ ዓርብ አይሸጥም፣ ዓርብ ካልተሸጠ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው። እሺ፣ እሺ፣ ይኸው፣ አለች፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ በቀኝ እጇ አንዱን መስታወት ሸፈነች፣ አንዱን ገለጠች፣ አስቀመጠች፣ ላከች። የተነፈሰችው ከላከች በኋላ ነው። ወንድምየውም የደረሰውን ከጽሑፉ ጋር አያይዞ፣ ሳያየው፣ ገጹ ላይ ለጥፎ ስልኩን አጥፍቶ ስብሰባው ገባ። ለምን ያየዋል? መቀስ የሠራችው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከምሳ በኋላ ከፊተኛዋ ክፍል ሳቅ ተሰማ። ሳቅ ብቻም አይደለም፤ የሆነ ነገር ወደቀ፣ ከዚያ ፎቶ አንሺው ግድግዳ ተደግፎ ወደ እሷ መጣ። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበትን ያን ገጽ ዘወትር የሚከታተለው የካሜራ ማቆሚያ በርካሽ ላገኝ እችላለሁ እያለ ነው። መናገር አቅቶት ስልኩን ሰጣት።

ፎቶው ላይ ወንበር የለም። አባቷ ብቻ አለ። ጥርት ባለ ነጭ ላይ፣ ምንም ሳይነካው፣ አየር ላይ ተቀምጧል። ራሱን ምንም ላይ ደግፏል፣ እጆቹን ምንም ላይ አሳርፏል፣ የፀጉሩ ጫፍ ሳይቀር ተቆጥሮ ይታያል። ከሥሩ የአቶ ዕቅድ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ያገለገለ፣ ግን ጠንካራ። እግሩ የማይወላገድ፣ የማይንቋቋ። በአንድ ቤተሰብ እጅ ብቻ የቆየ። ቦታ ስለጠበበ የሚሸጥ። ዋጋ በድርድር። ማጓጓዣ በገዢ።»

ክው አለች። እጇን አየችው። ዓመታት እንደለመደው ሰውየውን አስቀርቶ የተቀመጠበትን ጥሎታል። ወንድሟ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ማስታወቂያውን ማውረድ የሚችል እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የመጪውን ዓመት ዕቅድ እያቀደ ነው። «ግን እኮ» አለ ፎቶ አንሺው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሥራሽ ንጹሕ ነው። ጠርዙ ላይ እንከን የለም።» ይህን ሲል አየት አደረገችው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። «ሂጂ ቤት» አላት። «ድስቶቹን እኔ እይዝልሻለሁ። ሰው ሳያሳያቸው ድረሺ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ ሰዉ የጻፈውን አነበበች። አታንብቢ ስትል ነው ያነበበችው። «ከነሹራቡ ነው?» ይላል አንዱ። «ፀጉር ስለሌለው ዋጋ ይቀነስ።» «ነዳጁ ምንድን ነው፣ ሻይ?» «እኛም ቤት አንድ አለ፣ ዜና ላይ ይጮኻል፣ የምትፈልጉ እንለዋወጥ።» ሳቅ አልመጣላትም አይባልም፤ አንዱ ጋ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወደ ታች ስትል አንዲት ሴት ከሌሎቹ ተለይታ የጻፈችውን አገኘች። «የእኔ ካለፈ ቆይቷል። የምር የሚሸጥ ከሆነ ስንት ትላላችሁ?» የሚል ነው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስከ ቤት ድረስ አላወጣችውም።

የሳሎኑን በር ስትከፍት ሬዲዮኑ ዝግ ነበር፤ በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ሲዘጋ ሰው የታመመ ነው የሚመስለው። አባቷ ወንበሩ ላይ ነው። መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ከፊቱ ራቅ አድርጎ ይዟል። የጎረቤት ባለሱቋ ቀድማታለች፤ ደግነቷ አይጣል፣ ከሱቋ ወጥታ መጥታ በገዛ ስልኩ አውጥታ አሳይታው ነው የሄደችው።

«ነይ» አላት። «ተቀመጪ። ሳይ ውያለሁ።» እሷ በርጩማ ላይ ኩርምት አለች። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገና ማስታወቂያውን እንደ ደረሰኝ ያነብ ጀመር። «‹ያገለገለ፣ ግን ጠንካራ።› ይሁን፣ አመሰግናለሁ። ‹እግሩ የማይወላገድ።› ይሄ ውሸት ነው፤ ጉልበቴን ታውቂያለሽ፣ ገዢ ቢያመጣ ክስ ያስነሳል። ‹የማይንቋቋ።› ይሄን ደግሞ ጠዋት ስነሳ የሚሰማኝ ይመስክር። ‹በአንድ ቤተሰብ እጅ ብቻ የቆየ።› እውነት ነው። ከእናታችሁ ሌላ የነዳኝ የለም።» ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲል ቀጣዩን መስመር አየ። «‹ቦታ ስለጠበበ›» አለና ቆመ። ሁለት ቃል ነው፣ ግን አላለፈውም። መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ የቀረውን አላነበበም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አንተን አልነበረም። ወንበሩን ነበር» አለች። ስትናገረው ይበልጥ አስቀያሚ ሆነባት። የጠዋቱን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ ቧንቧውን፣ ሶፋውን፣ ዓርብንና ቅዳሜን፣ ዝምታዋንም ጭምር። አባቷ አላቋረጣትም። መንገዱን እያየ ሰማት። መንገድ ላይ አንድ መኪና ቀስ ብሎ ሲያልፍ እንኳ አልተሳደበም፤ ያን ጊዜ ነው የምር የፈራችው።

አቶ ዕቅድ የደረሰው ፀሐይዋ ከመስኮቱ ልትወርድ ስትል ነው። ከስብሰባው ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አይቶለት ቆይቷል፤ አለቃው ትከሻውን መታ አድርገው «አባትህ በስንት ተሸጡ?» ብለውታል። ማስታወቂያውን አውርዶታል፤ ከረባቱ ወደ ጎን ዞሯል፤ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ እህቱን፣ ከዚያ አባቱን አየ። መንገድ ላይ ሲያዘጋጅ የመጣው ንግግር ነበረው። «አባባ፣ መጀመሪያ ይህን ነገር በሁለት ከፍለን ብናየው...» ብሎ ጀመረ።

«ይሄ ፎቶ የእሁድ ነው አይደል?» አለው አባቱ።

«አዎ አባባ።»

«ስታነሳኝ አውቄያለሁ።» አባቱ ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላቸው ነበር። «እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልክህን ወደ እኔ ስታዞር በጎን አየሁህና፣ ‹ይሄ ልጅ ፎቶዬን ፈለገ› አልኩ። ነቅቼ ካየሁህ ታፍርና ትተወዋለህ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሼን ሁሉ ይዤልህ ነበር፣ እንዳይበላሽብህ።»

አቶ ዕቅድ ለዚህ ዕቅድ አልነበረውም። ከረባቱን ፈታ፣ በእጁ ጠቀለለው፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣ ይመስል መልሶ ዘረጋው፤ ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ የክፍል ኃላፊው፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሌላ መቀመጫ ጠፍቶ አይደለም። መቀስ ወንድሟን እንዲህ ሆኖ ያየችው ልጅ ሳሉ ነው። ሊሳደቡ ወይም ሊላቀሱ ይችሉ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን ሁለቱም አልተለመደም፤ ስለዚህ ሦስቱም ወደ መስኮቱ አዩ።

«ሶፋህን አምጣው» አለ አባታቸው በመጨረሻ። «አማትህም ይምጡ፣ ቀሚሳቸውን እንክሳቸዋለን። ባለአንዱን ግን ለሶፋ ሻጩ ተውለት። እኔ እንደሆነ ተቀምጫለሁ።» እጁን ፕላስተሩ ላይ አሳረፈ። «ይሄ ወንበር ብቻውን የሚታይበት ቀን አይቀርም፤ ማንም ሳያቅደው ራሱ ይመጣል። እስከዚያ አታጣድፉን።»

መቀስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንባዋ መጣ፣ እንባዋን ደብቃ ስታበቃ ደግሞ ስለዚያ ሦስተኛ ክርን ለአባቷ ነገረችው፤ ኮምፒውተሩ እንዴት አላወጣውም እንዳለ፣ ቀዳዳውን በሹራብ እንደሞላው። አባቷ መጀመሪያ በአፍንጫው ሳቀ፣ ከዚያ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «ማሽኑ ከእናንተ ይሻላል!» አለ። አቶ ዕቅድም መሬት ላይ እንዳለ ሳቀ፤ ሳቁ ትንሽ እንደ ለቅሶ ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል አላወጣውም፤ የዚህ ቤት ሰው አያወጣውም። ስልኩን ግን ከኪሱ አወጣ።

«አባባ» አለ፣ «እስቲ ቀና በል።»

አባቱ ቀና አለ። ሹራቡን ሳበ፣ በመዳፉ ራሱን ዳበሰ፣ እነዚያን ጥቂት ፀጉሮች ወደ ኋላ አስተኛቸው። መቀስ በሥራ ልማዷ ከወንበሩ ጎን ፈጥና ወደ ግድግዳው ሸሸች፤ ሰው ሲነሳ ከኋላው ምንም እንዳይገባ መንገድ መልቀቅ ደመ ነፍሷ ሆኗል።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?» አለ አባቷ። «ግቢ እንጂ!»

መጥታ በወንበሩ ክንድ ላይ፣ በፕላስተሩ በኩል ተቀመጠች። አቶ ዕቅድም ከመሬት ተነስቶ ከኋላቸው ዞረና እጁ የቻለለትን ያህል ስልኩን ዘረጋው። ፎቶው ተበላሽቷል ቢባል ይቀላል፤ የወንድምየው ግንባር ተቆርጦ ቀርቷል፣ እህትየው ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከኋላ የሬዲዮኑ ሽቦና የግድግዳው እርጥበት እንዳለ ገብቷል። አባታቸው ብቻ ሁለት ዓይኑን በደንብ ከፍቶ ይስቃል።